የመንግሥት አገልግሎትና የፖለቲካ መዋጮ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ የሥነ ምግባር ድንጋጌዎች

የመንግሥት አገልግሎት ፈልጎ ወደ አንድ ተቋም የሚመጣ ዜጋ ሁለት ነገሮችን ማሟላት ይጠበቅበታል። አንደኛው በሕግ ወይም በመመሪያ የተዘረዘረው ማስረጃ ሲሆን፣ ሁለተኛው አገልግሎቱ የሚያስከፍል ከሆነ በሕግ የተተመነው ክፍያ ነው። ከእነዚህ ውጪ የሚጠየቅ ገንዘብ ምንም ዓይነት ስም ቢሰጠው የአገልግሎቱ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በሚታይበት ቢሮ ውስጥ ለፖለቲካ ፓርቲ መዋጮ እንዲከፍል፣ የገቢ ማሰባሰቢያ ትኬት እንዲገዛ ወይም የአባልነት ቅጽ እንዲሞላ የተጠየቀ ተገልጋይ፣ የቀረበለት ጥያቄ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ይሁን ወይም ግዴታ ለመለየት ሊቸገር ይችላል። «እንቢ ብል ፋይሌ ይጠፋ ይሆን?» የሚለው ሥጋትም ዝም ሊያሰኘው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ሕጋዊ የፖለቲካ መዋጮ ምን እንደሆነ፣ የመንግሥት ኃላፊዎችና ሠራተኞች በዚህ ረገድ ያለባቸውን የሥነ ምግባር ግዴታ፣ እንዲሁም ተገልጋዩ ያልተገባ ጥያቄ ሲያጋጥመው ሊወስዳቸው የሚችላቸውን እርምጃዎች ያብራራል።

ፓርቲና መንግሥት የሚገናኙበትና የሚለያዩበት ቦታ

በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 56 መሠረት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ያገኘ የፖለቲካ ድርጅት ወይም ጣምራ ድርጅቶች የአስፈጻሚውን አካል ያደራጃሉ፣ ይመራሉም። በመሆኑም አንድ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊ በአንድ በኩል የፓርቲ አባል ወይም አመራር፣ በሌላ በኩል የሕዝብ አገልጋይ ሆኖ መገኘቱ የሥርዓቱ ባሕርይ ነው። የፓርቲ አባል መሆንም በራሱ ጥፋት አይደለም።

ሕጉ የሚለየው ሰውየውን ሳይሆን የተሰጠውን ሥልጣን ነው። ኃላፊው የሚፈርምበት ማኅተም፣ የሚቀመጥበት ቢሮ፣ የሚያዝዘው ተሽከርካሪ፣ የሚመለከተው የተገልጋይ መዝገብ፣ የሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት ጭምር የሕዝብ ሀብት ናቸው። ለማንኛውም ፓርቲ ድጋፍ ለሰጠም ላልሰጠም ዜጋ እኩል እንዲያገለግሉ የተዘጋጁ ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰዎች በፖለቲካ አመለካከታቸው ልዩነት ሳይደረግባቸው በሕግ እኩል ጥበቃ እንደሚያገኙ ይደነግጋል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን አስቀምጧል። ቀጥሎ የሚቀርቡት ደንቦች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች የሚመነጩ ናቸው።

መዋጮ መስጠት መብት ነው፤ አለመስጠትም መብት ነው

ዜጎች በማኅበር የመደራጀት መብታቸው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31፣ የመምረጥና የመመረጥ መብታቸው ደግሞ በአንቀጽ 38 ተረጋግጧል። አንድ ዜጋ የሚደግፈውን ፓርቲ በገንዘቡ ማገዙ የዚህ መብት አካል ነው። መብት እስከሆነ ድረስ ግን ያለመጠቀም ነፃነትንም ያካትታል። ለየትኛውም ፓርቲ ምንም አለመክፈል የሚያስጠይቅ፣ አገልግሎት የሚያስከለክል ወይም በጥርጣሬ የሚያሳይ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ፓርቲዎች ገንዘብ የሚያገኙበትን መንገድ የሚገዛው ዋነኛ ሕግ የኢትዮጵያ የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ከማሻሻያዎቹ ጋር ነው። በሕጉ መሠረት የፓርቲ ገቢ በዋናነት ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ከሚሰጥ ስጦታና እርዳታ፣ እንዲሁም በሕግ በተቀመጠ መስፈርት ከመንግሥት ከሚደረግ ድጋፍ የሚመነጭ ነው። በአንጻሩ ፓርቲዎች ከውጭ አገር መንግሥታትና ፓርቲዎች፣ ከሃይማኖት ድርጅቶች፣ እንዲሁም ምንጩ ካልታወቀ አካል ገንዘብ እንዳይቀበሉ ተከልክለዋል። የገቢና የወጪ ሒሳባቸውን መዝግበው መያዝ፣ ማስመርመርና ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሪፖርት ማቅረብም ይጠበቅባቸዋል።

ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ መቀበል መከልከሉ ለተገልጋዩ ትልቅ ትርጉም አለው። ፓርቲው ማን ምን ያህል እንደሰጠው ማወቅና ማስረዳት ስላለበት፣ ሕጋዊ መዋጮ ስም ያለው፣ ደረሰኝ ያለውና በፓርቲው ሒሳብ የሚገባ መዋጮ ነው። ያለ ደረሰኝ በእጅ የሚሰበሰብ ወይም በግለሰብ የባንክ ሒሳብና የስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ እንዲገባ የሚጠየቅ «መዋጮ» ግን ፓርቲው ጋ መድረሱ እንኳ የማይታወቅ ገንዘብ ነው።

«ለኪሴ አልወሰድኩትም» መከላከያ የማይሆንበት ምክንያት

በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚፈጠረው የተሳሳተ ግንዛቤ ሙስና ማለት ኃላፊው ገንዘቡን ለግል ጥቅሙ ሲያውል ብቻ ነው የሚለው ነው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚመለከተው ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ወይም ኃላፊ በሥልጣኑ ተጠቅሞ ለራሱም ሆነ ለሌላ ያልተገባ ጥቅም ለማስገኘት፣ ወይም የሌላውን መብት ለመጉዳት የሚፈጽመው ድርጊት ያስጠይቀዋል። «ሌላ» የሚለው ቃል ዘመድን፣ ወዳጅን፣ የንግድ ድርጅትንም ሆነ ማኅበርን ሊጨምር የሚችል ነው። ስለሆነም ለአገልግሎቱ በልዋጭ የተጠየቀው ገንዘብ ወደ ፓርቲ ሒሳብ መግባቱ ድርጊቱን ሕጋዊ አያደርገውም። ደረሰኝ መቆረጡም ቢሆን የተፈጸመውን ማስገደድ አያነጻም።

ጉዳዩን በምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን ለማሳደስ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ የዕድሳት ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ወደሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል እንበል። የግብር ክሊራንሱን ጨምሮ ሁሉንም ማስረጃ አሟልቷል። ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ግን «ለፓርቲው የተዘጋጀ የድጋፍ ቅጽ አለ፤ እሱን ጨርሰህ ና» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይልከዋል። በዚህ ሁኔታ «ግዴታ ነው» የሚል ቃል አልተነገረም፤ ለባለሙያውም በግሉ የሚደርሰው አንድም ብር የለም። ነገር ግን ነጋዴው ያለቅጣት የሚያሳድስበት ጊዜ እያለቀበት በመሆኑና ፋይሉ በጠያቂው እጅ በመሆኑ ነፃ ምርጫ አልነበረውም። ጥያቄውን ያልተገባ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ውሳኔ ሰጪው መዋጮ ጠያቂ ሆኖ መገኘቱ።

ያው ነጋዴ በእረፍት ቀኑ በራሱ ፈቃድ ወደ አንድ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሄዶ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ የፈለገውን ቢሰጥ ግን ሕጋዊ መብቱን ተጠቀመ እንጂ ሌላ አይባልም። በሁለቱም ጊዜ ገንዘቡ ያው፣ ፓርቲውም ያው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው የመንግሥት ሥልጣን በመካከል መግባቱና አለመግባቱ ላይ ነው።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ተገልጋዩ ሊጠነቀቅ ይገባል፦

• የመዋጮው ጥያቄ ከአገልግሎት ጥያቄው ጋር በአንድ ጊዜ ወይም በአንድ ሰው ሲቀርብ፤
• መዋጮው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት ወይም በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ማኅተም ሲጠየቅ፤
• የከፈሉና ያልከፈሉ ሰዎች ስም ዝርዝር እንደሚያዝ ሲነገር፤
• እንቢታን ተከትሎ ፋይል ሲዘገይ፣ ተጨማሪ ማስረጃ ሲጠየቅ ወይም «ነገ ተመለስ» ሲበዛ፤
• መዋጮ የሰጠ ሰው ወረፋ ሳይጠብቅ ወይም መስፈርት ሳያሟላ ሲስተናገድ።

የመጨረሻው ነጥብ ሰጪንም የሚመለከት መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል። የማይገባውን አገልግሎት ለማግኘት፣ ጨረታ ለማሸነፍ ወይም ቅጣት ለማስቀረት ብሎ «መዋጮ» የሚሰጥ ሰው ተገዶ ከከፈለው ሰው ጋር አንድ አይደለም። የማይገባ ጥቅም የሚሰጥም እንደ ተቀባዩ በሕግ ይጠየቃል።

የኃላፊዎችና የሠራተኞች የሥነ ምግባር ግዴታ

በአገራችን የመንግሥት አገልግሎት አሥራ ሁለት የሥነ ምግባር መርሆዎች በየተቋማቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል በተለይ አራቱ ከፖለቲካ መዋጮ ጋር በቀጥታ ይያያዛሉ። የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም የሚለው መርህ የፓርቲ ጥቅም ከአገልግሎቱ እንዳይቀድም ያዛል። አድልዎ አለመፈጸም የሚለው ደጋፊና ደጋፊ ያልሆነ ሳይባል ሁሉም በእኩል እንዲስተናገድ ይጠይቃል። በተሰጠ ሕጋዊ ሥልጣን መገልገል የሚለው ፈቃድ ለመስጠት የተሰጠ ሥልጣን መዋጮ ለመሰብሰብ እንዳይውል ይገድባል። ተጠያቂነት ደግሞ ይህ ሁሉ ሲጣስ ውጤት እንዳለው ያስታውሳል።

ከመርሆዎቹ በተጨማሪ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕጉ የተመለከቱ ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ፣ ምዝገባውንም በየሁለት ዓመቱ እንዲያድሱ ያስገድዳል። ከዓላማዎቹ አንዱ የሕዝብ ኃላፊነትና የግል ጥቅም እንዳይጋጩ መከላከል ነው። የተመዘገበ ሀብት መረጃ ለሕዝብ ክፍት መሆኑም በአዋጁ ተመልክቷል። በ«መዋጮ» ስም ተሰብስቦ በመንገድ ላይ የቀረ ገንዘብ ካለ ከሚታይባቸው መስኮቶች አንዱ ይኸው ምዝገባ ነው።

አንዳንድ ተቋማት ላይ ደግሞ ግዴታው ይጠብቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 የመከላከያ ሠራዊቱ ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ በሆነ አኳኋን ማከናወን ይገባዋል። ዳኞች በአንቀጽ 79 መሠረት በሙሉ ነፃነት፣ ከሕግ በስተቀር በሌላ ሳይመሩ ይሠራሉ። የምርጫ ቦርድም በአንቀጽ 102 ከማንኛውም ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ የተቋቋመ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው ራሱም ጥበቃ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። የሠራተኛ ደመወዝ ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ፍርድ ቤት ካላዘዘ ወይም ሕግ ካልፈቀደ በስተቀር ሊቆረጥ አይችልም። በመሆኑም አንድ የሥራ ክፍል ኃላፊ በስብሰባ ላይ «ተስማምተናል» ብሎ በማስጨብጨብ ብቻ ከሁሉም ሠራተኛ ደመወዝ የፓርቲ መዋጮ ማስቆረጥ አይችልም። ስምምነቱ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ መሆን አለበት። ዕድገት፣ ዝውውርና የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ከመዋጮ ጋር ሊያያዙ አይገባም።

ደንቡ ከየት መጣ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ሹመት እንደ ግል ርስት ይታይ የነበረበትን ዘመን አስተሳሰብ የሚያሳይ ነው። ባለጉዳይ ወደ ሹም ደጅ ሲሄድ እጅ መንሻ መያዙ እንደ ክብር ይቆጠር ነበር፤ ባዶ እጁን የሄደም ደጅ ሲጠና ይከርም ነበር። የዘመናዊ መንግሥት አስተዳደር መነሻ ይህን መለወጥ ነው። አገልግሎት መብት በመሆኑ እጅ መንሻ አያስፈልገውም። እጅ መንሻው ለሹሙ ሳይሆን ለድርጅቱ ሆኖ ቢመለስም መልኩን ለወጠ እንጂ ባሕርዩን አልለወጠም።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻም አይደለም። በዩናይትድ ስቴትስ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመንግሥት ሥራ ለአሸናፊው ፓርቲ ደጋፊዎች የሚከፋፈል ሲሆን፣ ሠራተኞች ከደመወዛቸው የተወሰነውን ለፓርቲው እንዲከፍሉ ይጠየቁ ነበር። ፕሬዚዳንት ጀምስ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1881 ሹመት ጠይቆ ባላገኘ ሰው በጥይት ተመተው መሞታቸው ለለውጥ የነበረውን ግፊት አጠናከረው። እ.ኤ.አ. በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ ቅጥርን በፈተናና በብቃት ላይ እንዲመሠረት ሲያደርግ፣ ሠራተኞችን መዋጮ ማስገደድንም ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1939 የወጣው የሃች ሕግ ደግሞ የፌዴራል ሠራተኞችን የፖለቲካ እንቅስቃሴ ገድቧል። በዚሁ ሕግ መሠረት የፌዴራል ሠራተኞች በአጠቃላይ ከሥራ ሰዓት ውጪም ቢሆን የፖለቲካ መዋጮ እንዳይጠይቁና እንዳይሰበስቡ ይከለከላሉ። በዚያ አገር በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተቀጥረው የሚያገለግሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም በዚህ ሕግ ይገዛሉ።

ያልተገባ ጥያቄ ያጋጠመው ተገልጋይ ምን ማድረግ ይችላል?

1. የሕግ መሠረቱን መጠየቅ። ተገልጋዩ «ይህ ክፍያ በየትኛው ደንብ ወይም መመሪያ የተመለከተ ነው? የመንግሥት ደረሰኝ ይሰጥበታል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይችላል። በተቋሙ የዜጎች ቻርተር ላይ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታ፣ ክፍያና ጊዜ ማመሳከርም ይጠቅማል። በቻርተሩ ላይ ያልተጠቀሰ ክፍያ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

2. ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል አስተዳደር ተቋማት የሚሰጡት ውሳኔ በጽሑፍና በምክንያት የተደገፈ እንዲሆን ይጠይቃል። አገልግሎቱ ከተከለከለ ምክንያቱ ተጽፎ እንዲሰጥ መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። መዋጮ አለመክፈልን በጽሑፍ እንደ ምክንያት የሚያሰፍር ኃላፊ ስለማይኖር ጥያቄው ብቻውን ችግሩን ሊፈታ ይችላል።

3. ማስረጃ መያዝ። ጥያቄው የቀረበበት ቀንና ሰዓት፣ የቢሮ ወይም የመስኮት ቁጥር፣ በባጅ ላይ የተጻፈ ስም፣ የተነገሩ ቃላት፣ የተላከ የስልክ መልእክት፣ የተሰጠ የሒሳብ ቁጥርና ትኬት ወዲያውኑ መመዝገብና መጠበቅ አለባቸው። አብሮ የነበረ ሰው ካለ ስሙን መያዝም ይጠቅማል።

4. በተቋሙ ውስጥ ማመልከት። ጉዳዩ በቅድሚያ ለቅርብ ኃላፊው ወይም ለቅሬታ ሰሚው ክፍል ሊቀርብ ይችላል። የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎችም እንዲህ ያለ ጥቆማ ይቀበላሉ። ተጠርጣሪው የተቋሙ ኃላፊ ራሱ ከሆነ በቀጥታ ወደ ውጭ አካል መሄድ ይመረጣል።

5. ወደሚመለከተው የውጭ አካል መሄድ። የሙስና ጥርጣሬ ሲኖር ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም ለክልሉ አቻ ተቋም፣ እንዲሁም ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። መጉላላትና የአስተዳደር በደል ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ፓርቲው ራሱ ከተከለከለ ምንጭ ገንዘብ መቀበሉን ወይም የመንግሥት ሀብት ለምርጫ ቅስቀሳ መዋሉን የሚመለከት አቤቱታ ደግሞ ለምርጫ ቦርድ ይቀርባል።

ጠቋሚዎች በደረሰባቸው ወይም ሊደርስባቸው በሚችል ጥቃት ምክንያት ወደኋላ እንዳይሉ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 በከባድ ወንጀሎች ላይ ጥቆማ ለሚሰጡና ለሚመሰክሩ ሰዎች ጥበቃ የሚደረግበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ጠቋሚውም በበኩሉ ያየውንና የሰማውን ብቻ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር አለበት። በግል ቂም የሚቀርብ ሐሰተኛ ጥቆማ ንጹሕ ሠራተኛን ይጎዳል፤ ጠቋሚውንም ያስጠይቃል።

በተደጋጋሚ የሚነሱ ጥያቄዎች

*ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአካባቢ ልማት የሚሰበሰብ መዋጮስ?* ይህ የፓርቲ መዋጮ አይደለም፤ ለሕዝብ ሥራ የሚውል ነው። ይሁን እንጂ በሕግ ካልተጣለ በስተቀር እርሱም በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው፤ የመታወቂያ፣ የፈቃድ ወይም የካርታ መስጫ ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይችልም። ደረሰኝና የወጪ ሪፖርትም ሊኖረው ይገባል።

*አንድ ኃላፊ በፓርቲ ስብሰባ ላይ ደጋፊዎችን መዋጮ ቢጠይቅስ?* በፓርቲ መድረክ፣ በፓርቲ ስም፣ ሥልጣኑንና የመንግሥት ሀብትን ሳይጠቀም ከሆነ ጉዳዩ የፓርቲ ሥራ ነው። በዚያው ስብሰባ ላይ «ፋይልህ እኔ ጋ ነው» ካለ ግን ኮፍያውን ቀይሯል።

*ከዚህ በፊት ሳላውቅ ከፍያለሁ፤ ምን ላድርግ?* ከፋዩ የሚገባውን አገልግሎት ለማግኘት ተገድዶ የከፈለ ከሆነ ጉዳዩን ከነማስረጃው ማሳወቁ ለራሱም ለሌሎች ተገልጋዮችም ይጠቅማል። ዝምታው ግን ቀጣዩን ባለጉዳይ በዚያው መስኮት ያው ጥያቄ እንዲጠብቀው ያደርጋል።

የፖለቲካ ፓርቲዎች መጠናከር ለዴሞክራሲ ሥርዓት አስፈላጊ ነው፤ ለዚህም የሚያምኑባቸው ዜጎች በገንዘባቸው ቢደግፏቸው ተገቢ ነው። ድጋፉ ዋጋ የሚኖረው ግን ሰጪው እንቢ ማለት ሲችል ብቻ ነው። መስፈርቱን አሟልቶ፣ ሕጋዊ ክፍያውን ፈጽሞ የቀረበ ተገልጋይ ጉዳዩ እንዲፈጸምለት የማንም ደጋፊ መሆን አይጠበቅበትም።